ዊንዶውስ 10 ከተዘጋ በኋላ፦ አሮጌ ላፕቶፕ፣ የድሮ ፋይል፣ አዲስ ምርጫ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቆመ። በማግስቱ የተበላሸ ነገር አልነበረም። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ወርድ ይከፈታል፣ ፕሪንተሩ ያትማል። የቆመው የደኅንነት ጥገናው ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተገኘ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። ስለዚህ ገሚሱ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ቀጠለ፤ ገሚሱ ደግሞ «ዊንዶው 11 ይጫንልኝ» ብሎ ላፕቶፑን ኮምፒውተር ቤት ወስዶ «ይሄ አይቀበልም» ተባለ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተራው የኮምፒውተር ተጠቃሚ «የትኛውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልጠቀም?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚገደድበት ጊዜ ብዙ አይደለም። አብሮት የመጣውን ይዞ ይኖራል። (ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ዋናው ፕሮግራም ነው፦ ዊንዶውስ፣ የአፕሉ ማክ፣ ማንም በነጻ የሚወስደው ሊኑክስ።) አሁን ጥያቄው በግድ ሲመጣ ግን ወሬው ወዲያው ወደ ደጋፊዎች ጭቅጭቅ ይገባል፦ ሊኑክስ ይፈጥናል፣ ማክ አይበላሽም፣ ዊንዶውስ ቫይረስ ይወዳል። እኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውን ከአንድ ሲስተም ጋር አስሮ የሚያኖረው ያጠራቀመው ፋይል እና ያንን ፋይል የሚከፍትለት ፕሮግራም ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የተሸናነፉት በዚሁ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት 20 ላፕቶፕ ወዴት ይሂድ የሚለውም የሚወሰነው በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቅ

ዊንዶውስ 11 ማሽን የሚመልሰው በፍጥነት ማነስ አይደለም። 4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃኛል ይላል፤ ይህንን የ10 ዓመት ላፕቶፕም ያሟላል። በሩ ላይ የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ እና የፕሮሰሰሩ ትውልድ። ከጥቂት ልዩነቶች በቀር ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ፣ ከኤኤምዲ ደግሞ ራይዘን 2000 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ነው የሚያልፈው። ትውልዱን ለማወቅ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ከፍታችሁ ከኮር አይ5 ወይም አይ7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ 6300 ከሆነ 6ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 10210 ከሆነ 10ኛ ትውልድ ነው።

ቲፒኤሙን ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ፣ ዲቫይስ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። «የለም» ካለ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ሳይበራ ቀርቶ ነው፤ ኢንቴል ማሽን ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ተቀምጧል። ሌላው የተለመደ መሰናክል አጫጫኑ ነው። ላፕቶፑ ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን የማስነሻ መንገድ እየቻለ፣ ፎርማት ሲደረግ በድሮው ሌጋሲ መንገድ፣ ኤምቢአር በሚባለው የድሮ የዲስክ አከፋፈል ላይ ተጭኖ ይሆናል። እንዲህ ያለ ማሽን ዊንዶውስ 11ን መሸከም እየቻለ «አይችልም» ይባላል። ዲስኩን ወደ አዲሱ አከፋፈል፣ ወደ ጂፒቲ፣ የሚቀይር መሣሪያ ዊንዶውስ 10 ራሱ ውስጥ አለ፤ ፋይል ሳይነካ ይቀይራል፣ ዲስኩ ላይ ከ3 በላይ ፕራይመሪ ፓርቲሽን (ዋና የዲስክ ክፍል) ካለ ግን እምቢ ይላል። ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ ያዙ።

መስፈርቱን አታልሎ መጫንም ይቻላል። ሩፈስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የቲፒኤም እና የፕሮሰሰር ፍተሻውን የሚዘል ፍላሽ ያዘጋጃል። ለቤት ላፕቶፕ ነውር የለውም። ለመሥሪያ ቤት ግን አልመክርም፤ ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ያሉ ማሽኖች አፕዴት እንደሚሰጥ ዋስትና አይገባም፣ በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ እትምም በእጅ ካልተጫነ በራሱ አይመጣም። ኮር 2 ዱዎ ያላቸው በጣም አሮጌ ማሽኖች ላይ ደግሞ ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ ማታለሉም አይሠራም፤ ሲስተሙ የሚፈልገው የፕሮሰሰር ትእዛዝ እዚያ ስለሌለ ጭራሽ አይነሳም።

ጊዜ መግዛት የሚፈልግ ሰው የተራዘመ ድጋፍ አለው። ለግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ነው፤ 30 ዶላር ከፍሎ፣ ወይም ሴቲንጉን በማይክሮሶፍት አካውንት ባክአፕ አድርጎ በነጻ መመዝገብ ይቻላል። ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው እትም፣ 22ኤች2፣ መሆን አለበት። ለድርጅት ግን ዋጋው ሌላ ነው፦ በአንድ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ በሁለተኛው 122፣ በሦስተኛው 244። ሦስቱን ዓመት የሚከፍል ድርጅት በአንድ ኮምፒውተር 427 ዶላር ያወጣል፤ በዚያ ገንዘብ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ያገለገለ ላፕቶፕ ይገኛል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። «ዊንዶውሱ አርጅቶ ላፕቶፔ ዘገየ» የሚል ሰው ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ጥፋተኛው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ዲስክ የሚለው ምንም ሳትሠሩ 100 በመቶ ላይ ከተቸነከረ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መቀየር አያድናችሁም። 240 ጊጋባይት የሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) እና ራሙን 8 ጊጋባይት ማድረስ ከማንኛውም ሲስተም ለውጥ ይበልጣል። ሊኑክስ ጭኖ «ፈጠነልኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ኤስኤስዲ አስገብቷል።

የተሻለው የተሸነፈበት ውድድር

ኦኤስ/2ን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። አይቢኤም እና ማይክሮሶፍት በ1987 አብረው ያስተዋወቁት፣ የማይክሮሶፍትን የድሮ ሲስተም፣ ዶስን፣ ይተካል የተባለ ሲስተም ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ጎን ለጎን ዊንዶውስን እየሠራ ነበር፤ በሜይ 1990 ያወጣው ዊንዶውስ 3.0 ገበያው ሲቀናው ሽርክናው ፈረሰ። አይቢኤም ለብቻው በ1992 ያወጣው ኦኤስ/2 2.0 በቴክኒክ ከዊንዶውስ የቀደመ ነበር። 32 ቢት ነበር፣ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ እንዳያበላሽ ይጠብቅ ነበር፣ የዶስንም የዊንዶውስንም ፕሮግራሞች ያስኬድ ነበር። ማስታወቂያው «ከዶስ የተሻለ ዶስ፣ ከዊንዶውስ የተሻለ ዊንዶውስ» የሚል ነበር።

መዘዙም ከዚሁ መጣ። ለዊንዶውስ የተጻፈ ፕሮግራም ኦኤስ/2 ላይም ከሠራ፣ ፕሮግራም አምራቹ ለኦኤስ/2 ለብቻው የሚደክመው ለምንድን ነው? አንዴ ለዊንዶውስ ጽፎ ሁለቱንም ገበያ ያገኛል። ስለዚህ ለኦኤስ/2 ብቻ የሚጻፍ ጥሩ ፕሮግራም እየጠፋ ሄደ፤ ኦኤስ/2 የሚገዛበት ምክንያትም አብሮ ሄደ።

በአሜሪካ መንግሥት እና በማይክሮሶፍት መካከል በነበረው የሞኖፖል ክስ ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በኖቬምበር 1999 ያወጡት ግኝት ይህንን በቁጥር አስቀምጦታል። ዋርፕ የተባለው የኋለኛው ኦኤስ/2 በደረሰበት ከፍታ ወደ 2,500 ፕሮግራሞች ነበሩት፤ ከኢንቴል ዓይነት ማሽኖች ገበያም 10 በመቶውን ይዞ ነበር። ማክ ከ12,000 በላይ ፕሮግራሞች ነበሩት፤ እሱም አልበቃውም። ዊንዶውስ ከ70,000 በላይ። ዳኛው ይህንን ተወዳዳሪ እንዳይገባ የሚከለክል የፕሮግራሞች አጥር አድርገው ገልጸውታል። በዚያው ግኝት ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ዝርዝር አለ። አይቢኤም ራሱ ኮምፒውተር አምራች ስለነበር በማሽኖቹ ላይ ዊንዶውስ 95ን መጫን ነበረበት፤ ማይክሮሶፍት ፈቃዱን የሰጠው ኦገስት 24 ቀን 1995 ዓለም አቀፉ የምረቃ ዝግጅት ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የራሱን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሸጥ ኩባንያ ኮምፒውተሩን ለመሸጥ የተቀናቃኙን ፊርማ ይጠብቅ ነበር።

ሌላው በር ፋብሪካው ነው። ቢኦኤስ የተባለውን ሲስተም የሠራው ቢ የተባለ ኩባንያ ለኮምፒውተር አምራቾች በነጻ ልስጥ ብሎ ነበር። የጃፓኑ ሂታቺ ከዊንዶውስ ጎን ጫነው፤ ማሽኑ ሲነሳ ግን ከሁለቱ የቱን እንደሚፈልግ የሚጠይቀው ሜኑ አይታይም ነበር። ዲስኩ ላይ ያለ ሲስተም እንደሌለ ሆነ። ኩባንያው በ2002 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ በ2003 ማይክሮሶፍት ጥፋት ሳያምን 23.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ያኔ ቢ ራሱ ፈርሶ ነበር።

የኦኤስ/2ን መዘዝ ዛሬ ሊኑክስ ወደ መድኃኒት መለወጡ ደግሞ ደስ ይላል። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ለማስኬድ ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ በቆየው ዋይን ላይ ተመሥርቶ፣ የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል፤ በ2022 ገበያ ላይ የዋለው በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን፣ ስቲም ዴክም፣ የቆመው በዚሁ ነው። ነገሩ ኦኤስ/2 ካደረገው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ቫልቭ የሚሸጠው ጌም መሆኑ ነው። ለሊኑክስ ብቻ የተጻፈ ጌም ባይኖርም አይጎዳም።

እኛ ዘንድ አጥሩ የት ነው

ሊኑክስ ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚነገረው «ነጻ ነው» የሚለው ነው። ይህ ቃል ዊንዶውስ በገንዘብ በሚገዛበት አገር ክብደት አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው ለዊንዶውስ ከፍሎ አያውቅም፤ የሚከፍለው ለጫኚው ነው። በክራክ የሚነሳ ዊንዶውስ እና ሊኑክስ በዋጋ እኩል ናቸው፣ ማለትም ሁለቱም ባዶ። ቢል ጌትስ በ1998 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ላይ ስለ ቻይና ሲናገር፣ መስረቃቸው ካልቀረ የኛን ቢሰርቁ ይሻላል፣ ከለመዱት በኋላ ገንዘቡን የምንሰበስብበትን መንገድ እናገኛለን የሚል ሐሳብ ሰንዝሮ ነበር። የተሰረቀ ዊንዶውስ ትልቁ ተጎጂ ነጻው ሊኑክስ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። በነገራችን ላይ የክራክ ማንቂያ ፕሮግራሞቹን ለማስኬድ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይባላል፤ የሚከተለውን መገመት ከባድ አይደለም።

ስለዚህ አጥሩ ዋጋ አይደለም። አንዱ የሒሳብ ሥራ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ነው። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፤ እኛ ዘንድ ግን አሁንም ፒችትሪ ነው፣ የሒሳብ ባለሙያውም የሰለጠነው በሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል። በዋይን ሊኑክስ ላይ ላስኪደው የሚል ሰው ብዙ ይደክማል፤ መስኮቱ ቢከፈት እንኳን ከጀርባው መዝገቡን የሚይዘው የፐርቫሲቭ ዳታቤዝ ሰርቪስ መነሳት አለበት፣ የሚወድቀውም እሱ ነው።

ሁለተኛው አጥር ከዚህ የጠለቀ ነው፤ የራሳችን ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ኮድ የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የአማርኛ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ቪስታ በ2007 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሰው መጻፍ ስላላቆመ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ እና ፓወር ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች መላ ፈጠሩ፦ ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው ብሎ በሚያስቀምጠው ኮድ ላይ የ«ሀ»ን ሥዕል አስቀመጡ። ለ200 ምናምን ፊደል ቦታው ስለማይበቃም በአንዳንዶቹ አሠራር ፊደሉ ለሁለት እና ከዚያ በላይ ፎንቶች ተከፋፈለ። ብልህ መላ ነበር፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ጽፎበታል። ፓወር ግዕዝ ኋላ ላይ በዩኒኮድም መጻፍ ጀምሯል፤ የድሮው ፋይል ግን እንዳለ አለ። የእነዚህ ፎንቶች ቤት ዊንዶውስ ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ደብዳቤው የላቲን ፊደል እና የምልክት ጥርቅም ይሆናል። ብዙ መሥሪያ ቤት ከዊንዶውስ ንቅንቅ የማይለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሊኑክስ አማርኛ አይችልም የሚለው ወሬም የመጣው ከዚህ ነው።

የእናንተ ፋይል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉ። ፊደሉ ፊደል ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው፤ የትም ይሄዳል። የላቲን ጥርቅም ከወጣ የድሮው ነው። ይህንን ለፍተሻ ብቻ አድርጉት፤ ጽሑፉን በዚያ መልክ ሴቭ አድርጋችሁ ዋናውን እንዳትጥሉ። ፊደሉ በሁለት ፎንት የተከፋፈለ ከሆነ ያው አንድ ኮድ በአንዱ ፎንት «መ»፣ በሌላው ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ የፎንቱ ስም ከጠፋ መልሶ ማወቅ አይቻልም።

ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፣ የሚሠሩትም የፎንቱን ስም እያዩ ነው። ስለዚህ የድሮውን የወርድ ፋይል መጀመሪያ ወደ አዲሱ የወርድ ፎርማት ሴቭ አድርጉ፣ በቅጂው ላይ ሥሩ፣ ዋናውን ሳትነኩ አስቀምጡ። ከተቀየረ በኋላ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። በብዛት የሚበላሹት ሦስት ቦታዎች ናቸው። ጸሐፊው ፎንት ሳይቀይር ያስገባው የእንግሊዝኛ ቃል ወይም የኢሜይል አድራሻ ትርጉም የሌለው ፊደል ይሆናል። የገንዘብ መጠን እና ቀን ውስጥ ያሉ ቁጥሮች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ሦስተኛው ኤክሴል ነው፦ ግማሹ ስም በድሮው፣ ግማሹ በዩኒኮድ የተጻፈበት መዝገብ ዓይን ላይ አንድ ይመስላል፣ ሲፈለግ ግን «ከበደ» የሚባል ሰው የለም ይላል። በድሮው ኮድ የተደረደረ የስም ዝርዝርም ቅደም ተከተሉ የፊደል ገበታ ቅደም ተከተል አይደለም፤ ከተቀየረ በኋላ እንደገና መደርደር አለበት።

የጽሕፈት ባለሙያዋ ጣትም ወጪ ነው። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባለው የጽሕፈት ሥርዓት ውስጥ የኤም17ኤን ጥቅል ሲጫን አማርኛ በድምፅ አጻጻፍ ይገኛል። ሁለቱ ግን ቁልፍ አመታታቸው አንድ አይደለም፣ ሰው የሚማረረውም በዚህ ነው። ኪማን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ላይ ይሠራል፤ አንድ ኪቦርድ መርጣችሁ ገና ዊንዶውስ ላይ ሳላችሁ ብታስለምዱ የሲስተሙ ለውጥ ሲመጣ ጣት አይደናገርም። ፎንቱም እንደዚሁ። ኒያላ ሊኑክስ ላይ የለም፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይም በኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚጫነው። በኒያላ የተዘጋጀ ደብዳቤ ሌላ ፎንት ተተክቶለት ሲከፈት መስመሩ ይዘላል፣ ፊርማው ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነጻ ነው፣ ሁሉም ላይ ይጫናል፤ የመሥሪያ ቤቱን ቴምፕሌት በሱ ብታዘጋጁ ገጹ ባለበት ይቆያል።

ሙኒክ እና ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ምክር ቤት በ2003 ወደ ሊኑክስ እንሂድ ብሎ ሲወስን የማይክሮሶፍቱ አለቃ ስቲቭ ባልመር ከበረዶ ሸርተቴ ዕረፍቱ አቋርጦ ከንቲባውን ሊያግባባ ሄዶ ነበር። አልተሳካለትም። ሥራው እስከ 2013 ዘልቆ ወደ 15,000 ኮምፒውተር ተቀየረ። በኖቬምበር 2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። ፖለቲካም ነበረበት፣ አስተዳደሩም ተለውጦ ነበር። ከቴክኒኩ ግን የሚታየኝ ይህ ነው፦ ከተማዋ የራሷን ዴስክቶፕ ቀየረች፣ የየክፍሉ ልዩ ፕሮግራሞች ግን ዊንዶውስን መፈለጋቸውን አልተዉም፤ ከከተማዋ ውጪ ያለው ሁሉም ሰነድ የሚልከው በማይክሮሶፍት ፎርማት ነበር። የወርድ ቴምፕሌቶቹን ለመተካት ብቻ ዎልሙክስ የሚባል ሙሉ ፕሮግራም መጻፍ አስፈልጓል።

በሰሜን ጀርመን ያለው የሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ክልል በኤፕሪል 2024 ለ30,000 ኮምፒውተሮች ያወጣው ዕቅድ ቅደም ተከተሉ የተለየ ነው። መጀመሪያ ሰው ዊንዶውስ ላይ እንዳለ ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ነጻ የቢሮ ፕሮግራም መደበኛ አደረገ፣ የሰነዱን ፎርማትም ክፍት ወደሆነው ለወጠ፤ ከዚያ ኢሜይሉን ከማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ አወጣ፤ ሊኑክስ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ይህኛው ትክክል ይመስለኛል። ፋይሉ እና ፕሮግራሙ ከተፈቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ቅዳሜው ላይ የሚበላሹ ነገሮች

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ ለቢሮ ሰው የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት ነው። 22ኛው ትውልድ በኡቡንቱ 24.04 ላይ የቆመ ሲሆን ድጋፉ እስከ 2029 ነው። 4 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን እትም ውሰዱ። የመጫኛው ፋይል 3 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ 8 ጊጋባይት ፍላሽ በቂ ነው፤ በሩፈስ ሲጻፍ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መጫን ሳያስፈልግ ከፍላሹ አስነስታችሁ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ፕሪንተሩን ሞክሩ። ዴል እና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ሲነካ ከየት ልነሳ የሚለው ሜኑ ይመጣል።

ዊንዶውሱ ጎን እንዲቆይ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ፋስት ስታርታፕን አጥፉ። እሱ በርቶ እያለ ዊንዶውስ «ሸትዳውን» ሲባል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ዲስኩን እንደተኛ ትቶት ይሄዳል፣ ሊኑክስም ያንን ዲስክ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል ወይም ጭራሽ አይከፍተውም። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ እንደሆነም እዩ፤ ባዮስ ውስጥ ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ስትነኩ በሚቀጥለው ጊዜ ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ከሌለ ፋይሉ ሄዷል ማለት ነው።

የሊኑክስ መጫኛው ዲስኩን ጨርሶ ካላየው ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ኢንቴል አርኤስቲ ወይም ቪኤምዲ የሚባለው የዲስክ አሠራር ነው። ባዮስ ውስጥ ወደ መደበኛው አሠራር፣ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ሲቀየር ይታያል። ዊንዶውሱ ግን ለዚያ ስላልተዘጋጀ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አይነሳም፤ ማስተካከያው ከመቀየራችሁ በፊት በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ማዘዝ፣ ባዮሱን መቀየር፣ አንዴ በሴፍ ሞድ ማስነሳት፣ ከዚያ መደበኛውን መመለስ ነው።

ዋይፋይ ከሌለ፣ በተለይ ብሮድኮም ቺፕ ላይ፣ ስልካችሁን በኬብል አገናኝታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ፤ ኢንተርኔቱ በዚያ ይመጣል፣ ድራይቨር ማናጀርም የጎደለውን ያወርዳል። ቢሮ ሁሉ ያለው ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ሲሰካ ቢታወቅም ተጨማሪ ፕለጊን ካልወረደለት አያትምም፤ ይህንን ኢንተርኔት ባለበት ቀን ጨርሱት። ሰዓቱ ደግሞ ያስቃል። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጣል፣ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ማሽን ላይ ሲኖሩ ዊንዶውስ አዲስ አበባ ላይ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፣ ብሮውዘሩም ሊያጉረመርም ይችላል። (የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት 6 ነው፤ ስለዚህ እሱን አትጠርጥሩ።) ሊኑክሱ የማሽኑን ሰዓት በአገር ሰዓት እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይበቃል።

ስለ ማክ ብዙ የምለው የለኝም። ፒችትሪም የድሮው የግዕዝ ፋይልም የሌለበት፣ ዲዛይን ወይም ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ከገዛው አይቆጭም። ማስጠንቀቂያዬ በቅናሽ ስለሚሸጡት የኢንቴል ማክቡኮች ነው። አፕል በኖቬምበር 2020 ወደ ራሱ ኤም1 ቺፕ ዞሯል፤ ማክኦኤስ 26 ደግሞ ኢንቴልን የሚቀበለው የመጨረሻው እትም ነው፣ የሚቀበለውም ጥቂት የ2019 እና የ2020 ሞዴሎችን ብቻ ነው። «ሊኑክስ እጭንበታለሁ» ለሚልም ከ2018 እስከ 2020 የወጡት ቲ2 ቺፕ ያለባቸው ማክቡኮች አስቸጋሪ ናቸው፤ በተለመደው ሊኑክስ ኪቦርዱ እና ዋይፋዩ አይሠሩም፣ ለነሱ ተብሎ የተስተካከለ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ያስፈልጋል።

የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር ግን ተዉት። እሱ ዊንዶውስ ላይ ይቆይ። ዊንዶውስ 11 የሚቀበል አንድ ማሽን ካለ ለሱ ስጡት፤ ከሌለ ዊንዶውስ 10 እንዳለ ሆኖ ከኢንተርኔት ይነቀል፣ ኢሜይል እና ብሮውዘር በሌላ ማሽን ይሁን፣ ፍላሽ ከመሰካቱ በፊት ሊኑክስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ይከፈት፤ ፎልደር ደብቆ ሾርትከት የሚተካው የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ ራቁቱን ይታያል፣ አይነሳምም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ጠንካራ ላፕቶፕ ካላችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥረው ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ 4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት ዲስክ ሰጥታችሁ ዊንዶውስን ሊኑክስ ውስጥ ማስኬድም ይቻላል፤ ላይሰንስ እዚያም ይጠየቃል። የፒችትሪውን ባክአፕ በየሳምንቱ ወደ ሁለት ፍላሽ ቅዱ፣ አንዱን ከቢሮ ውጪ አስቀምጡ። ባክአፑ የሚመለሰው በወጣበት እትም ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ስለሆነ የእትሙን ቁጥር ፍላሹ ላይ ጻፉበት።